ለይቶ የሚያረክስ ለይቶ ይዘጋል

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የአዲስ ቅዳም ገበያ ሞልቷል። ከፋግታ ለኮማ ወረዳ ቀበሌዎች የመጣ የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ከጋሪና ከአህያ ጀርባ ወርዶ አስፋልቱ ዳር ተደርድሯል፤ ድንቹም ፈረሱም ቦታ ቦታውን ይዟል። ከመንገዱ ማዶ ባለች ዘፈን መጫኛ ቤት በር ላይ፣ ጋቢ የደረቡ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ለልጁ ዘርግተውለታል።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ይችን ክፈትልኝ። የከሰል መኪና ኬላ ላይ እንዳያልፍ ተከለከለ ይላል። እውነት ነው?»

ልጁ ስልኩን ተቀብሎ ጽሑፉን አየው። ከሥሩ የዜና ሊንክ አለው። ነካው። ነጭ ገጽ መጣና በዚያው ቀረ። ደገመው።

«አያ፣ ይኼ ጥቅልዎ ለዚች አፕ ብቻ ነው። ወደ ውጭ አያወጣም። ዋናው ሒሳብዎ ላይ ደግሞ ምንም የለም።»

«ታዲያ ወሬውን አምጥቶ ማረጋገጫውን ለምን ይከለክለኛል?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። ሽማግሌው የሚጠብቁበት ጊዜ የላቸውም፤ ነጋዴው ወሬውን ቀድሞ ሰምቶ ዋጋ መስበር ጀምሯል። ከሰላቸውን በተባሉት ሸጠው ሄዱ። ጽሑፉ የሌላ ዓመት፣ የሌላ አካባቢ ወሬ መሆኑን ያወቅነው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሙሉ ጥቅል ያለው ሰው መጥቶ ሊንኩን ሲከፍተው።

ይህን የምጽፈው የእሳቸውን ጥያቄ ይዤ ነው። ዓለም ከሃያ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የቆየው ጉዳይ ከሳቸው ጥያቄ የተለየ አይደለም። የሕግ ምሁሩ ቲም ዉ እ.ኤ.አ. በ2003 ስም አውጥቶለታል፤ በእኛ አፍ «የኢንተርኔት ገለልተኝነት» ቢባል ያስኬዳል። መሥመሩን የያዘ ወገን፣ ኩባንያም ይሁን መንግሥት፣ በመሥመሩ የሚያልፈውን እየመረጠ አንዱን ሊያፈጥን ሌላውን ሊያዘገይ፣ አንዱን ሊያረክስ ሌላውን ሊዘጋ አይገባውም ማለት ነው። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚሄደው መንገድ መኪናው የማንን ድንች እንደጫነ አይጠይቅም። ክብደቱ ከተመዘነ ያልፋል።

በአገራችን ይህን ያነሣ ሰው የሚያገኘው መልስ አንድ ዓይነት ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሰምቼዋለሁ፤ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ አበባ ተምረው ከመጡ ወዳጆቼም ሰምቼዋለሁ። «ይህ የጠገበ አገር ክርክር ነው። እኛ ገና ኔትወርኩ ራሱ አልደረሰንም። መጀመሪያ መሥመሩ ይምጣ፤ ስለ እኩልነቱ ቀስ ብለን እንነጋገራለን። እስከዚያው ርካሽ የአፕ ጥቅል ለድሃው ጥቅም ነው። ጸጥታ ሲደፈርስም መንግሥት ቢዘጋው ምን ያድርግ?» ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ተሳስተዋል ግን። የስህተታቸውን ዋጋ የሚከፍሉትም እነሱ ሳይሆኑ ሽማግሌው ከሰል ሻጭ ናቸው።

«መጀመሪያ ይምጣ» ከሚለው ልነሣ። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በመላ አገሪቱ ያለው ደንበኛ ገና ጥቂት ሺሕ፣ እሱም አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ሳለ፣ የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጁ ተሻሻለ። አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍንና ፋክስ መላክን ከለከለ። አገልግሎቱን መስጠት ብቻ ሳይሆን መጠቀሙም ክልክል ሆነ። ልብ በሉ፣ መሥመሩ አዲስ ቅዳም ሳይደርስ በመሥመሩ ምን ማለፍ እንደሌለበት ተወስኖ አልቋል። ዋናው ምክንያት ገቢ ነበር። ከውጭ የሚደወል ስልክ የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ሰው በኢንተርኔት ከተነጋገረ ያ ገቢ ይቀራል ተብሎ ተፈራ። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ ቋጠሮውን አጠበቀው፤ አገልግሎቱን የሰጠውን ብቻ ሳይሆን የተጠቀመውንም በእስራት የሚያስቀጣ አንቀጽ ይዞ መጣ። የውጭ ጋዜጦች «ኢትዮጵያ ስካይፕን ወንጀል አደረገች» ብለው ሲጽፉ መንግሥት ተራውን ተጠቃሚ አይመለከትም ሲል አስተባበለ። አንቀጹ ግን ተጽፎ ነበር።

ዛሬ እዚሁ ገበያ መሐል፣ ቤይሩት ካለች ልጇ ጋር በኢሞ ፊት ለፊት እየተያየች የምታወራ እናት ታያላችሁ። «እትዬ፣ ይኼ እኮ በሕግ የተከለከለ ነበር» ብላት «አብደሃል?» ትለኛለች። ያ የተፈራው ነገር ደርሷል፤ ሁሉም ሰው በኢንተርኔት ይደውላል። ቴሌኮሙ አልፈረሰም። እንዲያውም ኢሞ እንዲሠራላት ስትል ኢንተርኔት የገዛች እናት ብዙ ናት። ክልከላው ቢሠራ ኖሮ ያ ሁሉ ደንበኛ ባልመጣ ነበር።

እንግዲህ ገለልተኝነት ከመሥመሩ በኋላ የሚመጣ ጌጥ ነው የሚለው አይያዝም። የመሥመሩ ባለቤት ስለሚያልፈው ነገር የሚወስነው ገና ምሰሶው ሲተከል ነው። እኛ «በኋላ» ስንል እሱ ጨርሶ ይጠብቀናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የዚህ ግን የባሰው፣ አለመፈታቱ ነው። በችኮላ የታጠቀው ሕግ ሥር ሰዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ርካሹ ጥቅል ልመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የተቋጠረው እዚህ ላይ ነው።

የቴሌኮም ኩባንያዎች የማኅበራዊ ሚዲያ ጥቅል ይሸጣሉ። ለተወሰኑ አፖች ብቻ የሚሠራ፣ ከሙሉው ኢንተርኔት የረከሰ ጥቅል ነው። ሰው በደስታ ይገዛዋል፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ። ግን ይህ ጥቅል እንዴት እንደሚሠራ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ስልካችሁ የሚልከውና የሚቀበለው ሁሉ ትንንሽ እሽግ ሆኖ ነው የሚጓዘው። እሽጉ ላይ የሚሄድበት አድራሻ አለ። ውስጡ ያለው መልእክት ተመስጥሮ ቢሄድም፣ ጉዞው ሲጀመር የሚያንኳኳውን በር ስም አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይጠራል። ኩባንያው አንዱን አፕ ለይቶ ርካሽ ለማድረግ እያንዳንዱ እሽግ ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ፣ የሚለይ፣ የሚቆጥር መሣሪያ መሥመሩ ላይ ማቆም አለበት። ይህ ወንፊት ነው። ወንፊቱ አንድ ጊዜ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ሥራው በባለቤቱ ፈቃድ ነው የሚወሰነው። ቴሌግራምን ለይቶ የሚያረክስ መሣሪያ ቴሌግራምን ለይቶ ማዘግየት ይችላል፤ ለይቶ መዝጋትም ይችላል። ለይቶ መቅረጥም ይችላል፤ ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ማኅበራዊ ሚዲያ የከፈተን ሰው ሁሉ በቀን 200 ሽልንግ ማስከፈል ጀምራ፣ ሕዝቡ መዝጊያን በሚያልፈው መተግበሪያ፣ በቪፒኤን፣ እየሸሸ አስቸግሯት በ2021 ቀረጡን ተወችው።

የእኛ አገር ወንፊት ዛሬ የተሰቀለም አይደለም። በግንቦት 2004 የኢንተርኔት ሳንሱር ማለፊያ የሚሠራው የቶር ፕሮጀክት በኢትዮጵያ መሥመር ላይ እሽጎችን ፈልፍሎ የሚያይ ቴክኖሎጂ ሥራ መጀመሩን ይፋ አድርጎ ነበር። በዚያ ዘመን የብሎግና የዜና ገጾች በር በሩ እየተዘጋ ኖርን። በሰኔ 2010 ከ200 በላይ ድረ ገጾች ሲከፈቱ አጨበጨብን፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ገጾቹ ተከፈቱ እንጂ የመዝጋቱ አቅም አልተነካም። የሚገድበው ሕግ ይውጣ ብሎ አጥብቆ የጠየቀም ብዙ አልነበረም፤ ሁላችንም «አሁን እኮ ተከፍቷል» አልን። አምስት ዓመት አልሞላም። በየካቲት 2015፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመከፋፈል ችግር በተፈጠረ ሰሞን፣ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ተዘጉ። ሌላው ኢንተርኔት ይሠራል፤ እነዚህ ብቻ አይሠሩም። እስከ ሐምሌ ድረስ አምስት ወር ያህል እንዲያ ሆኖ ቆየ።

ያን ጊዜ ያየሁትን ልናገር። ከላይ ያነሣኋት ዘፈን መጫኛ ቤት ሥራዋን ቀየረች። ልጁ ከማለዳ እስከ ማታ ቪፒኤን ሲጭን ይውላል። ወጣቱ በሁለት ደቂቃ ተጭኖለት ይሄዳል፤ አንዱ ቢዘጋበት ሌላ ያመጣል። ገበሬው፣ እናትየው፣ ስማርት ስልክ ከያዘ ገና ዓመት ያልሞላው ሰው ግን ቀረ። መዝጋቱ የታሰበው ሁከት ለሚያስነሣ ሰው ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሰው እንደዚያ ወጣት ስልክ የሚያውቅ ነው፤ በነጋታው ይገባል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም በፌስቡክ ገጻቸው ዜና መለጠፋቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ ፌስቡክ ለለጣፊው ክፍት፣ ለዚያ ገበሬ ዝግ ነበር። የማውቀው አንድ ገበሬ የዲከረንስ ችግኙ ቅጠል ሲታመምበት ፎቶ አንሥቶ ለግብርና ባለሙያው በቴሌግራም ይልክ ነበር። በእነዚያ ወራት ቅርንጫፉን ቆርጦ በከረጢት ይዞ፣ በእግሩ ነው የሄደው። ባለሙያውን አላገኘውም።

«ርካሹ ጥቅል ለድሃው ጥቅም ነው» ለሚሉኝ የምመልሰው እንግዲህ ይህን ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ የሚገዛው ግን በዚያ ወንፊት ዋጋ ነው። ሌላም ጉዳት አለበት፤ እሱን ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው አይተውታል። የአንድ አፕ ጥቅል ብቻ የያዘ ሰው ወሬው ይደርሰዋል፤ ወሬውን የሚያጣራበት በር ግን ይዘጋበታል። ጋዜጣው፣ የመሥሪያ ቤቱ ገጽ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ድረ ገጽ ከጥቅሉ ውጭ ናቸው። ከዚያ «ሕዝባችን ሐሰተኛ ወሬ ያምናል» ብለን እንወቅሰዋለን፤ «ስለዚህ መዝጋት ያስፈልጋል» እንላለን። ሐሰተኛ ወሬ የሚያባዛውን ጥቅል ሸጠን፣ ሐሰተኛ ወሬ በዛ ብለን መሥመሩን እንዘጋለን። ከዚህ የከፋ አዙሪት አላውቅም።

ሕንድ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ተጋፍጣዋለች። ፌስቡክ ለድሃው የተመረጡ ገጾችን በነጻ ላቅርብ ብሎ «ፍሪ ቤዚክስ» የሚባል አገልግሎት ይዞ ገባ። ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚበዛ ድሃ ያላት አገር ናት፤ «ነጻ ነገር ማን ይጠላል?» ማለት ይቻል ነበር። የአገሪቱ ቴሌኮም ተቆጣጣሪ ግን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 በይዘት እየለዩ ዋጋ ማበላለጥን ከለከለ። ድሃው ኢንተርኔት አጣ? አላጣም። በዚያው ዓመት መስከረም አዲስ ኩባንያ ገብቶ ውድድሩ ሲጦፍ የሙሉው ኢንተርኔት ዋጋ ወደቀ፤ ሕንድ ከዓለም እጅግ ርካሽ ዳታ ከሚሸጥባቸው አገሮች አንዷ ሆነች። እኛም ቤት ምሳሌው አለ። በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋ በ43 በመቶ ሲቀነስ የቀነሰው ለፌስቡክ ብቻ አልነበረም፤ ለሁሉም ነው። ማርከስ ከተፈለገ እንዲህ ይረክሳል።

ኩባንያዎቹ ደግሞ «ቪዲዮ የሚያይ ሰው መሥመሩን ያጨናንቃል፤ እኛስ ያፈሰስነውን ገንዘብ በምን እንመልስ?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይክፈል፤ በሜጋባይት ይቆጠር። ወፍጮ ቤት ሁለት ኩንታል ያመጣ አንድ ቁና ካመጣው አብልጦ ይከፍላል፤ ተራው ግን ተራ ነው፤ ባለወፍጮው የወደደውን ሰው ከኋላ አንሥቶ አያስፈጭም። መሥመር ሲጨናነቅ ለሁሉም እኩል ማለዘብ፣ ከጥቃት መከላከል፣ የአምቡላንስ ጥሪን ማስቀደም፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሕፃናትን የሚበድል ገጽ ማገድ፣ ይህን ሁሉ ገለልተኝነት አይከለክልም። የሚከለክለው ማድላትን ነው።

አሁን ከባዱ ክርክር መጣ። ጸጥታ።

ይህን ክርክር አቅልዬ ማለፍ አልችልም፤ የሰው ሕይወት አለበት። በጥቅምት 2014 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ፣ ትግራዋይ በመሆናቸው በፌስቡክ ስማቸውና ፎቶአቸው እየተለጠፈ ጥላቻ ሲዘንብባቸው ከርሞ፣ ባሕር ዳር መኖሪያ ቤታቸው አጠገብ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ ልጥፎቹ እንዲነሡ አመልክቼ በጊዜው አልተነሡም ይላል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። እንዲህ ያለ ነገር የሆነበት ክልል ሰው ሆኜ «ጽሑፍ ሰው አይገድልም» ልል አልችልም። ይገድላል።

ግን ልጅየው የጠየቀውን ተመልከቱ። እያየ ያላነሣው፣ ከስርጭቱ ያተረፈው ይጠየቅልኝ ነው ያለው። መሥመሩ ለሁሉም ይዘጋ አላለም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው «የጸጥታ» ተከራካሪዎች የሚያምታቱት። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለን፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅም አለን። ወንጀለኛውን በስሙ ይዞ ፍርድ ቤት ማቅረብ መንግሥት ያለበት ግዴታ ነው። መሥመሩን መዝጋት ግን ወንጀለኛ አይዝም፤ ወንጀሉን ያልሠራውን ሚሊዮን ሕዝብ ነው የሚቀጣው። ሌባ አለ ተብሎ ገበያ አይዘጋም።

ደግሞ ዘግተን አይተነዋል። በሰኔ 2011 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣኖቻችን ሲገደሉ ተዘጋ። በሰኔ 2012 ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ለሦስት ሳምንት ያህል መላው አገር ጨለመ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከኢንተርኔቱ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከስልኩና ከባንኩ ተቆርጣ ኖረች፤ ልጅ የእናቱን ሞት ከወራት በኋላ የሰማበት ዘመን ነበር። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ፣ ጦርነት ተነሥቶ፣ አብዛኛው የአማራ ክልላችን ለአንድ ዓመት ገደማ ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ከረመ። ጦርነቱ በዚህ ቆመ? አልቆመም። ወሬ ጠፋ? በገበያችን እንደዚያ ዓመት ወሬ በዝቶ አያውቅም፤ የሚያጣራው ስላልነበረ ከዳንግላ አንድ ሆኖ የተነሣ ነገር አዲስ ቅዳም ሲደርስ አምስት ሆኖ ነው።

ፈተናን ምክንያት ያደረገውም መዘጋት እንዲሁ ነበር። በሐምሌ 2008 ፈተና ወጣ ተብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ በ2009 እና በ2011 ኢንተርኔቱ ራሱ ተዘጋ። ኩረጃው አልቀረም። ነገሩ የተያዘው በ2015 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንዲፈተኑ ሲደረግ፣ ችግሩ ባለበት ቦታ ላይ ሲሠራ ነው። በ2016 ክረምት ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በኦንላይን ጭምር ተሰጠ። ለፈተና ሲባል ይዘጋ የነበረው ነገር መፈተኛ ሆነ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። ያኔም አልተስማማሁም፤ ዛሬ ግን መልሱን የሰጠው የእሳቸው መንግሥት ራሱ ነው። «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ብሎ ስትራቴጂ አወጣ፤ ነዳጅ ያለ ዲጂታል ክፍያ እንዳይሸጥ አደረገ፤ የፈተና ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ቦት ይነገራል፤ መታወቂያውም ዲጂታል ሆኗል። ሕዝቡን ወደዚህ ምንጭ ወስዶ «ከዚህ ጠጣ» ያለው መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ ውሃ አይደለም» ማለት አይቻልም።

አንዳንዶች «አሜሪካ ራሷ ትታዋለች» ይሉኛል። የአሜሪካ ነገር እንዲህ ነው። ኮምካስት የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የደንበኞቹን የፋይል ልውውጥ በስውር ሲያደናቅፍ ተይዞ ክርክሩ ጋለ። የኮሙኒኬሽን ኮሚሽናቸው በ2015 ገለልተኝነትን ደነገገ፤ በ2017 ሻረው፤ በ2024 መልሶ አጸናው፤ በጥር 2025 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ጣለው። ፍርድ ቤቱ ምክር ቤታቸው ሕግ ቢያወጣበት አልከለከለም፤ ካሊፎርኒያም የራሷን ሕግ አውጥታለች። እዚያ ጥያቄው «መንግሥት ኩባንያውን ይቆጣጠር ወይስ አይቆጣጠር?» የሚል ነው። ኩባንያው ሌላ ነው፣ መንግሥት ሌላ።

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ እንዳለ ተቀድቶ አይሠራም። ትልቁ የቴሌኮም ኩባንያችን የመንግሥት ነው፤ በጥቅምት 2017 ለሕዝብ ሽያጭ የቀረበው ድርሻ እንኳ 10 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሳፋሪኮም፣ በ2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝቶ በ2015 መስከረም በይፋ ሥራ ጀመረ፤ ውድድሩ ለዋጋ በጅቶናል፤ ይህን አልክድም። የመዝጋት ትእዛዝ ሲመጣ ግን ሁለቱም ይታዘዛሉ። ኬላው አንድ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲቋቋም ትልቅ እርምጃ ነበር፤ እሱም የመንግሥት ነው። ባለመሥመሩም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ዘጊውም አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ «መንግሥት ይቆጣጠር» ማለት ብቻውን አይበቃኝም። እኔ የምፈልገው አስቀድሞ መንግሥትን ራሱን የሚያሥር፣ ከዚያ ኩባንያዎቹን የሚያሥር ሕግ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ማንኛውም ሰው በመረጠው ማሰራጫ መረጃ የመሰብሰብ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነጻነት እንዳለው ደንግጓል። «በመረጠው» የሚለው ቃል የተጻፈው ለተጠቃሚው ነው፤ ለባለመሥመሩ አይደለም።

ከዘመድ የአፍሪካ አገሮች ይህን በፍርድ ቤት ያስከበሩ አሉ። የዚምባብዌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ኢንተርኔት እንዲዘጋ ያዘዘው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም ብሎ አስከፍቷል። የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ማኅበር ፍርድ ቤት በሰኔ 2020 የቶጎ መንግሥት በ2017 የፈጸመው መዝጋት ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈርዷል። ቶጎም ዚምባብዌም የጠገቡ አገሮች አይደሉም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በመሥመሩ የሚያልፈውን በይዘቱ ወይም በአፑ ለይቶ መዝጋት፣ ማዘግየትና በዋጋ ማበላለጥ በሕግ ይከልከል። የግድ ይዘጋ የሚባልበት ጊዜ ቢመጣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ይሁን፤ ያዘዘው ሰው ስም፣ ምክንያቱና የሚያበቃበት ቀን ለሕዝብ ይነገር። በተዘጋበት ጊዜ ቀኑ ያለፈበት ጥቅል ለገዛው ሰው ይመለስለት። ርካሽ ጥቅል ይኑር፤ ግን 100 ሜጋባይት የገዛ ሰው 100ውን በወደደበት ያውለው፤ ለኢሞም፣ ለጋዜጣም፣ ለከሰል ዋጋም።

ይህን ለመጀመር አዲስ ምክር ቤት መምረጥ አያስፈልግም። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑም ገና ሲቋቋም የመመሪያዎቹን ረቂቅ አውጥቶ አስተያየት ጠይቋል። ያኔ ድምፃቸውን ያሰሙት በአብዛኛው ኩባንያዎችና አማካሪዎቻቸው ይመስሉኛል። ቀጣዩ ረቂቅ ሲወጣ ከአዲስ ቅዳምም፣ ከዳንግላም፣ ከእንጅባራም ደብዳቤ ይድረሰው። መጻፍ የማይችል ጎረቤት ያላችሁ፣ የሚለውን ሰምታችሁ በስሙ ጻፉለት። እኔ የሽማግሌውን ጥያቄ፣ እንዳሉት አድርጌ፣ የደብዳቤዬ የመጀመሪያ መስመር ላይ አስፍሬዋለሁ።